የመዝገብ አሻራዎችን አጣምሮ አንድ ስለ ማድረግ

(ለኮምፒዩተር ክበባትና ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ማብራሪያ)

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው መጽሐፉ ሳይጠፋና ሳይፋቅ ሲቆይ ነው። የተማሪ መዝገብ ይዘው የሠሩ መምህራን ሁሉ ይህን ያውቁታል። አንድ የውጤት ዝርዝር ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር «ይህ በእርግጥ ያን ጊዜ የተጻፈው ነው? ወይስ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ የምናብራራው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ኮምፒዩተር የሚሰጠንን አንድ ዘዴ ነው። ዘዴው የእያንዳንዱን መዝገብ «አሻራ» አውጥቶ፣ ብዙዎቹን አሻራዎች አጣምሮ አንድ ማድረግ ነው። አሻራ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ተማሪዎች ፕሮግራም ሲሠሩ የሚሳሳቱት በማጣመሩ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምንሰጠው ለእርሱ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ያልነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ጥያቄው የሚከብድበት ቦታ

ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ ምርቷ የታወቀች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። በመተማና በጋላባት በኩል ለእርሻ ሥራ የሚሻገረው ኢትዮጵያዊ ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በረሃቡ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደዱ፣ ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈር ከመጠለያዎቹ አንዱ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደዚያው አገር ተሻገሩ። ከጠረፉ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቱነይድባ የተባለው ሰፈርም ተጨመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ውስጥ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጉዞው ተገላበጠ፤ ሱዳናውያንም፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም በጋላባት አልፈው ወደ መተማ ገቡ።

እንዲህ ባለ መንገድ ከተጓዘው ተማሪ ብዙው የትምህርት ማስረጃውን ይዞ አልወጣም። በመጠለያ ውስጥ ያገኘው ውጤትም ተመዝግቦ የሚገኘው በአንድ መምህር ደብተር ወይም በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሊሆን ይችላል። መስመር ፈልጎ መጠየቅም ሁልጊዜ አይቻልም፤ በጥርና በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአብዛኛው የሱዳን ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ሰንብቶ ነበር። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ መስመር ባይኖርም የሚሠራ፣ በወረቀት ቁራጭ ላይ ሊያዝ የሚችልና ጠረፍ ሲያልፍ ኃይሉን የማያጣ ነው።

የእኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር ወደዚህ ዘዴ ዓይኑን ጥሎ ያውቃል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አይኦኤችኬ ከተባለው፣ ካርዳኖ የሚሰኘውን ብሎክቼይን ከሠራው ድርጅት ጋር በመተባበር፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች ለሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችና ለ750,000 መምህራን ዲጂታል መታወቂያና የውጤት መዝገብ የማዘጋጀት ዕቅድ መያዙ ተገልጾ ነበር። ብሎክቼይን የተባለው ነገር ስሙ ቢከብድም፣ መሠረቱ አሻራን ከአሻራ ጋር ማጣመር ነው። ይህን መሠረት በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክበብ ውስጥ መሥራት ይቻላል።

2. አሻራ ማለት ምን ማለት ነው?

በኮምፒዩተር ሙያ ሃሽ የሚባለውን ነው እኛ አሻራ የምንለው። ይህም ማንኛውንም ጽሑፍ ተቀብሎ ርዝመቱ የተወሰነ ቁጥር የሚሰጥ የስሌት ሥርዓት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሻ-256 የተባለው ነው፤ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. መለኪያ አድርጎ አውጥቶታል። የገባው አንድ ቃልም ሆነ አንድ ሺህ ገጽ፣ የሚወጣው ሁልጊዜ 256 ቢት ነው። ቢት ማለት 0 ወይም 1 ነው። 256ቱ ቢት በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ 64 ምልክት ይሆናል፤ በእጅ ሊገለበጥና በስልክ ሊነበብ ይችላል።

ጥሩ አሻራ ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ያው ጽሑፍ ሁልጊዜ ያንኑ አሻራ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ከጽሑፉ አንድ ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከአሻራው ተነሥቶ ጽሑፉን ማግኘት፣ ወይም አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ፈልጎ ማግኘት በተግባር አይቻልም።

አሻራን ከናሙና ጋር ማምታታት አይገባም። በገዳሪፍ፣ በሑመራም ሆነ በመተማ የሰሊጥ ነጋዴ ከጆንያው ጥቂት ዘግኖ አይቶ የጆንያውን ሁሉ ደረጃ ይገምታል፤ ከታች የተደበቀ አሸዋ ቢኖር ሊያመልጠው ይችላል። አሻራ ግን ከላይ ከላይ አይዘግንም። እያንዳንዷ ፍሬ በስሌቱ ውስጥ ታልፋለች፤ አንዲት ፍሬ ብትቀየር ውጤቱ ይቀየራል።

ነገሩን በእጅ ለማየት አንድ የመጫወቻ አሻራ እንሥራ። በ5 እንጀምር። የጽሑፉን አኃዞች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ እየወሰድን፣ በእጃችን ያለውን ቁጥር በ7 አባዝተን አኃዙን እንደምር፤ ድምሩን ለ97 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንያዝ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ቀሪ፣ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ተጽፎ፣ አሻራ ይሆናል። ለምሳሌ የ84 አሻራ፦

5 × 7 + 8 = 43
43 × 7 + 4 = 305፤ ለ97 ሲካፈል ቀሪው 14

ስለዚህ የ84 አሻራ 14 ነው። አኃዞቹን ገልብጠን 48ን ብንወስድ 5 × 7 + 4 = 39፤ 39 × 7 + 8 = 281፤ ቀሪው 87 ይሆናል።

ይህ የመጫወቻ አሻራ ለትምህርት እንጂ ለሥራ አይሆንም። ሊሰጥ የሚችለው ከ00 እስከ 96 ያሉትን 97 ቁጥሮች ብቻ ነው። የተለያየ መዝገብ ያላቸው 12 ተማሪዎች ብቻ ቢኖሩ እንኳ፣ ከመካከላቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት አሻራ የመያዛቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ሻ-256 ግን ሊሰጣቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ብዛት 78 አኃዝ ባለው ቁጥር የሚጻፍ ነው።

3. ከሁሉ አስቀድሞ አጻጻፍን አንድ ማድረግ

ኮምፒዩተር ድምፅን አይሰማም፤ የሚያየው የፊደሉን ቁጥር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ሠንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ሐ» 4624፣ የ«ኀ» ደግሞ 4736 ነው። «ሠ» 4640፣ «ሰ» 4656 ነው። ስለዚህ አንዱ መምህር «ኃይሌ»፣ ሌላው «ሀይሌ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለእኛ አንድ ሰው ቢሆንም ለአሻራው ሁለት ሰዎች ናቸው።

በጠረፉ አካባቢ ችግሩ ይበዛል። ስሙ በገዳሪፍ በኩል በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩም እንዲሁ ነው፦ እኛ በየቀኑ የምንጽፈው 5 በሠንጠረዡ ቁጥር 53 ነው፤ የግዕዙ ፭ 4973 ነው፤ በሱዳን የሚጻፈው የዐረብኛው አምስት ደግሞ 1637 ነው። ዘመኑም ሁለት ነው፤ ኅዳር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. እና ኖቬምበር 10 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን ሆነው ሳለ ሁለት የተለያየ አሻራ ይሰጣሉ።

መድኃኒቱ ከአሻራው በፊት ደንብ ማውጣት ነው፦ ሞክሼ ፊደላት ሁሉ ለአሻራው ስሌት ወደ አንድ ይመለሱ፤ ቁጥር በአንድ ዓይነት አኃዝ ይጻፍ፤ ዘመን በአንድ አቆጣጠር ይሁን፤ በቃላት መካከል አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይኑር። ስሙ በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆያል፤ አንድ የሚሆነው ለስሌት የሚቀርበው ቅጂ ነው። ደንቡም በጽሑፍ ሠፍሮ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ። ያለዚህ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቅን መምህርም ያንኑ አሻራ መልሶ ሊያገኝ አይችልም።

4. የማጣመር ዘዴዎች

አሁን የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክበብ የሁሉንም ክፍሎች መዝገብ በአንድ አሻራ ሊጠቀልል ተነሣ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚሞከሩትን ዘዴዎች በየተራ እንመልከት።

ሀ) እርስ በርስ ማነጻጸር

ይህ በሙያው ኤክስኦር ይባላል። ሁለት አሻራዎችን ጎን ለጎን አድርገን ቢቶቹን እናነጻጽራለን፤ ተመሳሳይ ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 እንጽፋለን። ለምሳሌ 1011 ከ0110 ጋር ሲጣመር 1101 ይሆናል። ፈጣንና ቀላል ስለሆነ ተማሪዎች ይወዱታል፤ ሆኖም ሦስት ከባድ ጉድለቶች አሉት።

የመጀመሪያው፣ ቅደም ተከተል ይጠፋል፤ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አይታወቅም። ሁለተኛው፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲገባ ራሱን ያጠፋል። 1101ን ከ0110 ጋር መልሰን ብናጣምር 1011 ላይ እንመለሳለን፤ 0110 ጭራሽ እንዳልነበረ ይሆናል። እንግዲህ 40 ተማሪዎች ባሉበት ዝርዝር ላይ አንድ የሌለ ተማሪ ስም ሁለት ጊዜ ቢጨመር፣ ዝርዝሩ 42 ሲሆን አሻራው ግን የ40ው ሆኖ ይቀራል። እርዳታ በስም ዝርዝር በሚታደልበት ቦታ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም።

ሦስተኛው የባሰ ነው። ቤላሬና ሚቻንቾ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ በዚህ መንገድ የተጣመረ አሻራ በተራ የእኩልታ ስሌት ሊጭበረበር ይችላል። አንድ አጭበርባሪ የአንዱን ተማሪ ውጤት ከ45 ወደ 85 ለወጠ እንበል። አጠቃላዩ አሻራ ተለወጠበት። ነገር ግን ደንብ ባልወጣለት መዝገብ ሌሎቹን ተማሪዎች በሁለት መንገድ መጻፍ ይችላል፤ አንዱን በ«ሀ» ወይም በ«ሐ»፣ ሌላውን በአንድ ክፍት ቦታ ወይም በሁለት። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ከ256 ጥቂት ከበለጡለት፣ የትኛውን በየትኛው መንገድ ቢጽፍ ወደ ቀድሞው አሻራ እንደሚመለስ 256 የአንደኛ ደረጃ እኩልታዎችን በአንድነት ፈትቶ ያገኘዋል። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ስሌት ነው፤ ብዛቱን ኮምፒዩተር ይችለዋል። አሻራው እያንዳንዱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጥምሩ ግን ደካማ ሆነ ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ድሩ ሲፈተል እንጂ ሲከመር አይደለም።

አሻራዎችን እንደ ተራ ቁጥር መደመርም ቅደም ተከተልን በማጥፋቱ ተመሳሳይ ጉድለት አለበት፤ 14 + 87 ከ87 + 14 አይለይም።

ለ) ጽሑፎችን አገናኝቶ አንድ አሻራ ማውጣት

ሌሎች ደግሞ ጽሑፎቹን ሁሉ ያለ ድንበር ቀጣጥለው በአንድ ጊዜ አሻራ ያወጣሉ። እዚህ ላይ የሚጠፋው ድንበር ነው። ክፍል 1፣ ተራ ቁጥር 12 ሲቀጣጠል 112 ይሆናል። ክፍል 11፣ ተራ ቁጥር 2ም 112 ነው። በስማችን ላይም ይኸው ይደርሳል። በሦስት ዐምድ መዝገብ ተስፋ / ሚካኤል / በላይ የተባለውና፣ የአያቱ ስም ያልተሞላለት ተስፋሚካኤል / በላይ የተባለው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሲቀጣጠሉ ግን ሁለቱም «ተስፋሚካኤልበላይ» ይሆናሉ።

መፍትሔው ከእያንዳንዱ ዐምድ በፊት የፊደሉን ብዛት መጻፍ ነው። የመጀመሪያው «3 ተስፋ 4 ሚካኤል 3 በላይ» ይሆናል፤ ሁለተኛው «7 ተስፋሚካኤል 3 በላይ 0»። ከእንግዲህ ሊምታቱ አይችሉም። በመካከላቸው ጭረት ማድረግም ይረዳል፤ ነገር ግን ጭረቱ ራሱ በስም ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ብዛቱን መጻፍ ይሻላል።

ሐ) አሻራዎችን ደርድሮ እንደገና አሻራ ማውጣት

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የእያንዳንዱን መዝገብ አሻራ እናወጣለን፤ አሻራዎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል እንደረድራለን፤ ከዚያም የተደረደረውን እንደ አዲስ ጽሑፍ ቆጥረን አሻራውን እናወጣለን። በመጫወቻችን እንሞክረው። 14 ቀድሞ 87 ቢከተል «1487» እናገኛለን፤ አሻራው፦

5 × 7 + 1 = 36
36 × 7 + 4 = 256፤ ቀሪው 62
62 × 7 + 8 = 442፤ ቀሪው 54
54 × 7 + 7 = 385፤ ቀሪው 94

ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «8714» ቢሆን ግን በዚሁ ስሌት 68 ይወጣል። ማን እንደቀደመ ተመዘገበ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ጽሑፎች ሲቀጣጠሉ ድንበር ይጠፋል ብለናል፤ አሻራዎች ሲደረደሩ ግን አይጠፋም። ምክንያቱም የእያንዳንዱ አሻራ ርዝመት እኩል ነው። የሻ-256 አሻራ ሁልጊዜ 64 ምልክት ስለሆነ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አያጠራጥርም። ይህም የሚሆነው ከፊት ያለው ዜሮ ሳይጣል ሲጻፍ ብቻ ነው። 05ን «5» ብሎ መጻፍ ድንበሩን ማፍረስ ነው።

መ) የአሻራ ዛፍ

ከላይ ያየነው መንገድ ትክክል ቢሆንም፣ አንድ ተማሪ መዝገቡ በውስጡ እንዳለ ለማሳየት የሁሉንም አሻራ ይዞ መዞር ሊኖርበት ነው። ራልፍ መርክል የተባለው አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ይህን ያቃልላል። አሻራዎቹን ሁለት ሁለት አድርገን እናጣምራለን፤ የተገኙትን እንደገና ሁለት ሁለት እናጣምራለን፤ አንድ እስኪቀር ድረስ እንቀጥላለን። የመጨረሻውን «ሥር» እንለዋለን።

ስምንት መዝገቦች አሉ እንበል። በመጀመሪያ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6፣ 7 ከ8 ይጣመራሉ፤ ቀጥሎ አራቱ ጥምሮች ሁለት ይሆናሉ፤ ሁለቱም አንድ ሥር ይሆናሉ። 3ኛው ተማሪ መዝገቡን ለማስመስከር የሚይዘው የራሱን መዝገብና ሦስት አሻራዎችን ብቻ ነው፦ የ4ኛውን፣ የ1ና 2 ጥምርን፣ የ5 እስከ 8 ጥምርን። ተቀባዩ መምህር ከታች ወደ ላይ አስልቶ ሥሩን ካገኘ መዝገቡ ያልተነካ ነው። የተማሪዎቹ ቁጥር 1,000 ቢሆን የሚያስፈልገው 10 አሻራ ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ከኡም ራኩባ ተነሥቶ በጋላባት ወደ መተማ የሚሻገር ተማሪ ሊይዘው ይችላል። የሌሎቹን 999 ተማሪዎች ስም ይዞ እንዲዞርም አይገደድም።

በዛፉ ላይ ግን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን የመጨረሻውን ደግሞ ከራሱ ጋር ማጣመር የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው። የሦስት መዝገብ ዝርዝርና የመጨረሻው ሁለት ጊዜ የተጻፈበት የአራት መዝገብ ዝርዝር አንድ ሥር ይኖራቸዋልና። ቢትኮይን የተባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ በዚህ ጉድለት ምክንያት በ2012 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን ማረም ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ብቻውን የቀረው ሳይደገም ወደ ላይኛው ደረጃ ይለፍ፤ የመዝገቦቹም ጠቅላላ ብዛት ከሥሩ ጋር ይጻፍ።

ሁለተኛው፣ ጥምርን እንደ መዝገብ አስመስሎ ማቅረብ እንዳይቻል ሁለቱን መለየት ነው። የመዝገብ አሻራ ሲወጣ በፊቱ 0፣ የጥምር አሻራ ሲወጣ በፊቱ 1 ይቀደምለት። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ድረ ገጾች ምስክር ወረቀት መቆጣጠሪያ ደንብም ይህንኑ ያዛል።

5. ሁለት ዓይነት አሻራ ስለ ማጣመር

«አንዱ የአሻራ ዓይነት ቢሰበርስ?» ብለው ከአንድ መዝገብ ሁለት ዓይነት አሻራ አውጥተው ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ አሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው። ኤምዲ5 የተባለው አሻራ በ2004 እ.ኤ.አ. ዋንግ ሺያዩን በተባሉት ቻይናዊት ሊቅና በባልደረቦቻቸው ተሰብሯል፤ ሻ-1 የተባለውም በ2017 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የሒሳብ ምርምር ማዕከልና በጉግል ባለሙያዎች ተሰብሯል። ተሰበረ ማለት አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ተገኙ ማለት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከጠንካራው አንዱ ያነሰ አያደርገንም። ይሁን እንጂ ጥንካሬያቸው አይደመርም። ፈረንሳዊው አንትዋን ዡ በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ እንደ ኤምዲ5 እና ሻ-1 ጽሑፉን እየቆራረሱ በተራ የሚያሰሉ አሻራዎች ሲደረደሩ፣ ጥምሩ ከጠንካራው ብቻ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ሁለት ደካሞችን ከማጣመር አንድ ጠንካራ መምረጥ ይሻላል።

6. ስለ ማሳጠርና ስለ መደበቅ

64 ምልክት የበዛባቸው ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን 8 ምልክቶች ብቻ ይይዛሉ። ይህ 32 ቢት ማለት ነው፤ ሊሰጥ የሚችለውም 4,294,967,296 ቁጥሮችን ነው። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 60,000 ሰዎች በተመዘገቡበት ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አጭር አሻራ የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 34 ነው። ስለዚህ ለሥራ የሚሆነውን አሻራ አናሳጥር።

ሌላው ስሕተት አሻራን እንደ መሸሸጊያ ማየት ነው። የአንድ ስደተኛ መለያ ቁጥር ስድስት አኃዝ ቢኖረው፣ ሊሆኑ የሚችሉት ቁጥሮች አንድ ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ተራ ኮምፒዩተር የሁሉንም አሻራ በጥቂት ሰኮንድ አውጥቶ የማን እንደሆነ ይለያል። በዛፉም ላይ 3ኛው ተማሪ የ4ኛውን አሻራ ይዟልና፣ ስምና ውጤት እየገመተ ሊደርስበት ይችላል። ከጦርነት ለሸሸ ሰው የስሙ መታወቅ ምን ሊያመጣ እንደሚችል መናገር አያሻም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ ያወጣው ረጅም ቁጥር ይጨመር፤ ቁጥሩም ከመዝገቡ ባለቤትና ከትምህርት ቤቱ በቀር ለማንም አይሰጥ።

7. አሻራ የማይሠራው ሥራ

አሻራ መዝገቡ እንዳልተለወጠ ይመሰክራል እንጂ እውነት እንደሆነ አይመሰክርም። 45 ያገኘው ተማሪ ከመጀመሪያው 85 ተብሎ ከተጻፈ፣ አሻራው ያንን ሐሰት በታማኝነት ይጠብቀዋል። መዝገቡ ከጠፋም አሻራው አይመልሰውም፤ ከአሻራ ወደ ጽሑፍ መመለሻ መንገድ የለምና። ስለዚህ መዝገቡ ራሱ በሁለትና በሦስት ቅጂ በተለያየ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሥሩም ቢሆን በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለ ዋጋ የለውም። መዝገቡን የለወጠው ሰው ሥሩንም አዲስ አውጥቶ ሊተካው ይችላል። ሥሩ በርእሰ መምህሩ፣ በወላጆች ኮሚቴ፣ በሌላ ሰፈር በሚያስተምር መምህርና በተማሪዎቹ ደብተር ላይ በተጻፈ ጊዜ ግን ሁሉንም ፈልጎ መለወጥ አይቻለውም። ይህ በሁለት ቅጂ ደረሰኝ ከመቁረጥና ውልን በምስክሮች ፊት ከመፈራረም የተለየ አይደለም። ስሌቱ አዲስ ነው እንጂ፣ እምነቱን የሚሸከሙት እንደ ጥንቱ ሰዎች ናቸው።

8. ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. የ69ን የመጫወቻ አሻራ አውጡ። ከዚያም 14ን፣ 87ንና ይህን አሻራ በቅደም ተከተል ደርድራችሁ ጥምሩን አስሉ። ከፊት ያለው ዜሮ ቢጣልስ ስንት ይሆናል?

2ኛ. 1011፣ 0110 እና 1100ን በኤክስኦር አጣምሩ። 0011 ሁለት ጊዜ ቢጨመር ውጤቱ ይለወጣልን?

3ኛ. 500 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ መዝገቡን ለማስመስከር ቢበዛ ስንት አሻራ ያስፈልገዋል?

4ኛ. በክፍላችሁ ውስጥ ስማቸው በሁለት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ የሚችል ተማሪዎችን ቁጠሩ። ለትምህርት ቤታችሁ መዝገብ የሚሆን የአጻጻፍ ደንብ ጻፉ።

መልስ፦ 1ኛ. 05፤ የ«148705» አሻራ 52፤ ዜሮው ተጥሎ «14875» ቢሆን 81። 2ኛ. 0001፤ አይለወጥም። 3ኛ. 9፤ ሁለት ለዘጠኝ ጊዜ ሲባዛ 512 ስለሆነ።

ፕሮግራሙን የሚጽፉ ተማሪዎች ኮምፒዩተሩን ከመክፈታቸው በፊት እነዚህን በእርሳስና በወረቀት እንዲሠሩ መምህራንን እናሳስባለን። በአራተኛው ጥያቄ የሚወጣው ደንብ ለመለማመጃ ብቻ መሆን የለበትም፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ሹም አይቶት፣ የሚሻሻለው ተሻሽሎ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ቢሠራበት የክበቡ ሥራ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።